በእንቅልፍ ጊዜ ስለሚቋረጥ ትንፋሽና ስለ አየር መሣሪያው ልክ

ሰው ሲያንኮራፋ የሰማ ሁሉ «ደኅና እንቅልፍ ወሰደው» ይላል። እኛም ይህን ጥናት እስከ ጀመርንበት ጊዜ ድረስ ከዚህ የተለየ አሳብ አልነበረንም። የሕክምና ተማሪዎች አይደለንም፤ ስለዚህ ከዚህ በታች የምናቀርበው ነገር ከሐኪም ጠይቀን፥ ከመጻሕፍት አንብበን፥ በአንድ የቅርብ ዘመዳችንም ላይ በዐይናችን አይተን የተረዳነው መሆኑን አንባቢዎቻችን እንዲያውቁልን እንወዳለን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ለጥናቱ ያነሣሡን አጎታችን ናቸው። አጎታችን ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ የሚመላለሱ የከባድ መኪና ሾፌር ሲሆኑ ዕድሜያቸው ከኀምሳ ያለፈ፥ ሰውነታቸው የወፈረ፥ አንገታቸውም አጭርና ደንዳና ነው። ቀን በተቀመጡበት ያንቀላፋሉ። ልቅሶ ቤት እንኳ ሲያንኮራፉ ስለ ተሰሙ ቤተ ዘመዱ «እንቅልፋም» የሚል ስም አውጥቶላቸዋል፤ እሳቸውም ነገሩን በሣቅ ያሳልፉት ነበር። ባለቤታቸው ግን አይሥቁም። «ሲያንኮራፉ ይቆዩና ድንገት ጸጥ ይላሉ» አሉን። «ያን ጊዜ መቍጠር እጀምራለሁ። ሃያ፥ ሠላሳ ስደርስ እንደ ታነቀ ሰው ተንፈራግጠው ይተነፍሳሉ። ስንት ዓመት ሙሉ እየቈጠርሁ ነው የማድረው።»

ጎረቤቶች ነገሩን ዱካክ ነው ይሉት ነበር። ሁለቱ ግን ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። ዱካክ የያዘው ሰው አእምሮው ነቅቶ ሰውነቱ አልታዘዝ ይለዋል፤ ጠዋትም የደረሰበትን ሁሉ ይተርካል። ትንፋሹ የሚቋረጥበት ሰው ግን ሌሊቱን በሙሉ ሲታነቅ አድሮ ጠዋት አንዱንም አያስታውስ። የሚያስታውሰው አጠገቡ የተኛው ሰው ነው።

የሕመሙ ምክንያት ያለው በጉሮሮ ውስጥ ነው። ከማንቍርት በታች ያለው የአየር ቧንቧ በልም አጥንት ቀለበት የተደገፈ ስለ ሆነ በቀላሉ አይጨፈለቅም። ከዚያ በላይ ያለው መተላለፊያ ግን ግድግዳው ሥጋና ጡንቻ ነው። ነቅተን ሳለን ጡንቻዎቹ መንገዱን ከፍተው ይይዙታል፤ ስንተኛ ይላላሉ፥ ምላስ ወደ ኋላ ይሸሻል፥ ለስላሳው ላንቃም ይወርዳል። መንገዱ ሲጠብ አየሩ ግድግዳውን እያርገበገበ ያልፋል፤ ማንኮራፋት የምንለው ይህንኑ ነው። ፈጽሞ ሲዘጋ ድምፅ የለም። ደረት ይታገላል፥ አየር ግን አይገባም። እንዲያውም ወደ ውስጥ በተሳበ ቍጥር የላላው ግድግዳ ይበልጥ ይጣበቃል፤ የረጠበ የወረቀት ስትሮ በኀይል ሲመጥጡት እንደሚጣበቅ ማለት ነው። ከዚህ በኋላ በደም ውስጥ ያለው ኦክሲጅን ይቀንሳል፤ አንጎልም ሰውየውን ለጥቂት ሴኮንድ ያነቃዋል፤ ጡንቻው ይጠነክርና መንገዱ ይከፈታል። ሰውየው እንደ ገና ይተኛል፥ መንገዱም እንደ ገና ይዘጋል።

ሐኪሞች አንድን መቋረጥ የሚቈጥሩት ቢያንስ 10 ሴኮንድ ከቆየ ነው። ፈጽሞ የተዘጋውንም፥ ጠቦ ደሙን ኦክሲጅን ያሳጣውንም ደምረው እንቅልፍ በተኛበት ሰዓት ያካፍሉታል። በሰዓት ከ5 በታች ከሆነ እንደ ጤነኛ ይቈጠራል። ከ5 እስከ 15 ቀላል፥ ከ15 እስከ 30 መካከለኛ፥ 30ና ከዚያ በላይ ከባድ ይባላል። በሰዓት 30 ማለት በየሁለት ደቂቃው አንድ ጊዜ መታነቅ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

ሌላም ዓይነት አለ። በርሱ ጉሮሮ አይዘጋም፤ የመተንፈስ ትእዛዝ ከአንጎል ሳይመጣ ይቀራል፥ ደረትም አይታገልም። ይህኛው ማዕከላዊ ይባላል። ልዩነቱ ለመሣሪያው ምርጫ እጅግ አስፈላጊ ስለ ሆነ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ሕመሙ በላቦራቶሪ ተመዝግቦ በግልጽ የታወቀው በ1965 ሲሆን በፈረንሳይ አገር እነ ጋስቶ፥ በጀርመን አገር ደግሞ እነ ዩንግ በየፊናቸው ገለጡት። ነገር ግን ለከባዱ ሕመም የነበረው መድኀኒት አንገትን ከፊት በስቶ ቧንቧ መክተት ነበር። በቀዳዳው የሚተነፍስ ሰው ጉሮሮው ቢዘጋም ግድ የለውም፤ ይሁን እንጂ ዕድሜ ልክ አንገቱ ተበስቶ መኖር ማን ይወዳል? በ1980 በአውስትራልያ በሲድኒ ከተማ ይህ ቀዶ ጥገና የታዘዘለት አንድ በሽተኛ ሌላ መንገድ እንዲሞከርለት ፈቀደ። ሐኪሙ ኮሊን ሱሊቫን ከአቧራ መጥረጊያ መኪና የተወሰደ ማራገቢያ መምጠጡን ትቶ እንዲነፋ አድርጎ አየሩን በቱቦ ወደ በሽተኛው አፍንጫ ሰደደው። መታነቁ ቀረ። በ1981 ሱሊቫንና ጓደኞቹ በአምስት በሽተኞች ላይ ያዩትን ዘ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አወጡ። በዚያን ጊዜ ጭምብሉ በየሌሊቱ በማጣበቂያ አፍንጫ ላይ ይለጠፍ ነበር።

አሳቡ እጅግ ቀላል ነው። አየሩ በራሱ መድኀኒት አይደለም፥ ኦክሲጅንም አልተጨመረበትም። የሚሠራው ግፊቱ ነው። የላላውን ግድግዳ ከውስጥ ገፍቶ እንዳይጣበቅ ይይዘዋል፤ የተነፋ ፊኛ እንደማይጨማደድ ማለት ነው። ሲፓፕ የሚባለው መሣሪያ ከዚህ የተለየ ሥራ የለውም።

ታዲያ ግፊቱ ምን ያህል ይሁን? ልኩ የሚነገረው በሳንቲ ሜትር ውሃ ነው። አንባቢ በቤቱ ሊሞክረው ይችላል። ስትሮ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ውሃ ውስጥ አስገብቶ አረፋ እስኪወጣ ድረስ ቢነፋ፥ በአፉ የተሰማው ግፊት 10 ሳንቲ ሜትር ውሃ ነው። ትንሽ ይመስላል፤ በርሱ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ማስተንፈስ ግን ላልለመደ ሰው ቀላል አይደለም። የሲፓፕ መሣሪያዎች ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 20 ይሰጣሉ።

ልኩ የሚገኝበት የቈየው መንገድ በሽተኛውን በእንቅልፍ ላቦራቶሪ አስተኝቶ ማየት ነው። ከ4 ተጀምሮ መቋረጡ እስኪጠፋ፥ ማንኮራፋቱም እስኪቀር ድረስ ግፊቱ ቢያንስ አንድ አንድ እየተባለ ይጨመራል፤ በእያንዳንዱ ጭማሪ መካከል ከ5 ደቂቃ ያላነሰ ይጠበቃል። እዚህ ላይ አንድ ነገር አለ። በጎኑ ተኝቶ በ7 ደኅና የሆነ ሰው በጀርባው ሲተኛ፥ ይልቁንም በሕልም ጊዜ፥ 7 አይበቃው ይሆናል፤ በሕልም ጊዜ ጡንቻ ከሁሉ ይበልጥ ይላላልና። ስለዚህ ልኩ ተገኘ የሚባለው በጀርባ ተኝቶ በሕልም እንቅልፍ ላይ ሳለ የበቃው ሲታወቅ ነው።

ሁለተኛው መንገድ አውቶ ሲፓፕ ነው። ይህ መሣሪያ የትንፋሹን አካሄድ እየተከታተለ መጥበብ ሲያይ ግፊቱን ከፍ፥ ሲለቅ ዝቅ ያደርጋል። ለሐኪሙ የሚቀረው ታችኛውንና ላይኛውን ወሰን መስጠት ነው። ብዙ መሣሪያ ከፋብሪካ ሲወጣ ከ4 እስከ 20 ተደርጎ ስለሚመጣ እንዲሁ የሚተወው ሰው ጥቂት አይደለም። ይህ ስንፍና ነው ብንል የተሳሳትን አይመስለንም። 10 የሚያስፈልገው ሰው በ4 ሲጀምር አየር ያጥረዋል፤ መሣሪያውም ከ4 ተነሥቶ 10 እስኪደርስ ድረስ ሰውየው ደጋግሞ ታንቆ ነቅቷል። ስለዚህ ጥቂት ሌሊት ካደረ በኋላ መዝገቡ ይታያል። መሣሪያው ከመቶው 95 እጅ በሚሆነው ጊዜ ከየትኛው ግፊት እንዳላለፈ ይመዘግባል፤ ታችኛው ወሰን ወደዚያ ይቀርባል፥ ላይኛውም በመጠኑ ይከለላል።

ሦስተኛው ባይፓፕ ነው። ሲተነፍሱ አንድ ግፊት፥ ሲያስተነፍሱ ዝቅ ያለ ሌላ ግፊት ይሰጣል። ከፍ ያለ ግፊት ለሚያስፈልገውና በርሱ ላይ ማስተንፈስ ላቃተው፥ ወይም በቀንም ትንፋሹ ለደከመ ሰው ይታዘዛል።

አራተኛው ለማዕከላዊው ዓይነት የተሠራ፥ ትንፋሽ ሲቀር ራሱ ገፍቶ የሚያስተነፍስ፥ ኤ.ኤስ.ቪ. የሚባለው ነው። ውድ ስለ ሆነ ከሁሉ የሚሻል የሚመስለው ሰው አይጠፋም። ነገር ግን በ2015 ሰርቭ ኤች ኤፍ የተባለ ትልቅ ጥናት ውጤቱን ሲያወጣ፥ ልባቸው እጅግ በደከመና ሕመማቸው በአብዛኛው ማዕከላዊ በሆነ ሰዎች ላይ ይህ መሣሪያ ሞትን እንደ ጨመረ ተገኘ። እንዲጠቅም የተሠራው መሣሪያ ጎዳ። የሕመሙን ዓይነት ሳያውቁ መሣሪያ መግዛት እንደማይገባ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አናውቅም።

አሁን ወደ አጎታችን እንመለስ። በአሜሪካ የሚኖር አንድ ዘመድ ነገሩን ሰምቶ ሌላ ሰው ሲገለገልበት የነበረ ሲፓፕ ላከላቸው። ቤተ ዘመዱ ተደሰተ። አጎታችን በመጀመሪያው ሌሊት ጭምብሉን አጥልቀው ተኙ፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላም አውልቀው ጣሉት። «ልጄ፥ ይህ ነገር የወጣውን ትንፋሽ መልሶ ይከትብኛል፤ ሆዴም እንደ ከበሮ ተነፋ» አሉን። መሣሪያው በ14 ተሞልቶ ነበር። 14 የቀድሞው ባለቤት ልክ ነው፤ የሰው መነጽር እንደ ማድረግ ነበር። ሦስት ወር ከአልጋ ሥር ተቀመጠ።

ከዚህ በኋላ የሆነው የእኛ ጥፋት ነው፤ ልንሰውረው አልፈቀድንም። ለሐኪም ብቻ የተተወውን የመሣሪያውን ማስተካከያ እንዴት እንደሚከፍቱት ፈልገን አገኘንና ግፊቱን ወደ 6 አወረድነው። አጎታችን ተመቻቸው፤ ሌሊቱን በሙሉ አጥልቀውት ማደር ጀመሩ፤ ማንኮራፋታቸውም ቀነሰ። ሁላችንም ዳኑ አልን። እሳቸውም ድኛለሁ ብለው ሌሊት መንዳት ጀመሩ። በአምስተኛው ሳምንት ከአዋሽ ወዲያ ባለው ሜዳ ላይ ዐይናቸው ተከድኖ መኪናው ከአስፋልቱ ወጣ። ረዳታቸው ጮኾ መሪውን ባይዝ ኖሮ ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው በሌላ ምክንያት በሆነ ነበር። አሸዋ ላይ ቆመ፤ ሰው አልተጎዳም።

ሐኪም ዘንድ የሄድነው ከዚያ በኋላ ነው። ሐኪሙ የመሣሪያውን የመመዝገቢያ ካርድ አውጥተው አነበቡት። በ6 ላይ አጎታችን በሰዓት 22 ጊዜ ይታነቁ ነበር። ማንኮራፋቱ ስለ ቀነሰ እኛ የዳኑ መሰለን እንጂ ጉሮሮው ይዘጋ ነበር። ሐኪሙ አልተቈጡንም፤ «ተመቸው ማለትና በቃው ማለት አንድ አይደሉም» ብቻ አሉን። ከዚያም መሣሪያውን ራሱ ከፍ ዝቅ እንዲል አድርገው በ8ና በ13 መካከል ወሰኑት፤ መጀመሪያ ላይም በዝግታ እየጨመረ እንዲወጣና ሲያስተነፍሱ በመጠኑ እንዲለቅላቸው አዘዙ። ከሁለት ሳምንት በኋላ መዝገቡ በሰዓት 3 አሳየ።

ይሁን እንጂ ነገሩ በዚህ አልተፈጸመም። በሚቀጥለው ወር አጎታችን ጠዋት ጠዋት ራሳቸውን ያማቸው ጀመር። ምክንያቱ የተገኘው ጭምብሉ ሲታይ ነው። በጭምብሉ ፊት ደቃቅ ቀዳዳዎች አሉ፤ ከነርሱ የሚወጣው አየር ያፏጫል፥ ቀዝቃዛ ሆኖም ወደ ባለቤታቸው ፊት ይነፍስ ነበር። እሳቸውም ጭምብሉ የተቀደደ መስሏቸው ቀዳዳዎቹን በፕላስተር ለጠፏቸው። እነዚህ ቀዳዳዎች ግን የተሠሩት ሆን ተብሎ ነው። በሽተኛው ያስተነፈሰው አየር የሚወጣው በነርሱ ነው፤ ሲደፈኑ ሰውየው የራሱን ትንፋሽ ደግሞ ደጋግሞ ይስባል፥ ካርቦን ዳይኦክሳይድም በደሙ ይከማቻል። ይህ ለሕይወት የሚያሰጋ ነገር ነው። ጭምብሉ ከፊት ጋራ በሚገናኝበት ጠርዝ በኩል የሚሾልከው አየር ግን ሌላ ነው፤ እርሱ መቆም አለበት።

ስለ ጭምብል የተረዳነው ይህን ይመስላል። በአፍንጫ ቀዳዳ ብቻ የሚገባ፥ አፍንጫን የሚሸፍን፥ አፍንጫንና አፍን አብሮ የሚሸፍን አለ። አፉን ከፍቶ ለሚተኛ ሰው የመጨረሻው የሚሻል ይመስላል፤ ነገር ግን መንጋጋን ወደ ኋላ ሊገፋ ስለሚችል ብዙ ጊዜ ከፍ ያለ ግፊት ይጠይቃል፥ ሰፊ በመሆኑም ብዙ ይሾልክበታል። ስለዚህ አፍንጫው ያልታፈነ ሰው መጀመሪያ የአፍንጫውን ቢሞክር ይመረጣል። ጢም ያለው ሰውም ጭምብሉ ከቆዳው ጋራ አልገጥም ስለሚለው ይቸገራል። ማሰሪያውን አጥብቆ ማሰር መፍትሔ አይደለም፤ እንዲያውም ጠርዙ ይጨማደድና መሹለኩ ይብሳል፥ ፊትም ይቈስላል። ደግሞም ማሰሪያው የሚለካው ቆሞ ሳይሆን ተኝቶ፥ መሣሪያውም እየነፋ ሳለ ነው።

የኛን አገር በተለይ የሚመለከት አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም የከፍታ ነገር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ግድም ላይ ስለምትገኝ አየርዋ በባሕር ዳርቻ ካለው አየር ክብደቱ አራት አምስተኛ ያህል ወይም ከዚያ ጥቂት ያነሰ ነው። ማራገቢያ በአንድ ፍጥነት ሲዞር የሚሰጠው ግፊት እንደ አየሩ ክብደት ነው። ስለዚህ በባሕር ዳርቻ 10 እንዲሰጥ የተደረገ፥ ግፊቱን ራሱ የማይለካ አሮጌ መሣሪያ አዲስ አበባ ሲመጣ የሚሰጠው 8 ግድም ይሆናል። በተቃራኒው በአዲስ አበባ 10 እንዲሰጥ የተስተካከለው ጅቡቲ ሲወርድ 12 ወይም 13 ይሆናል። በሁለቱ መካከል ለሚመላለስ ሾፌር ይህ ተራ ነገር አይደለም። በአንዳንድ አሮጌ መሣሪያ ላይ የከፍታ ቍጥር በእጅ ይሰጣል፤ አዳዲሶቹ ግፊቱን እየለኩ ራሳቸው ያስተካክላሉ። እነርሱም ወሰን አላቸው። ሬስሜድ የተባለው ፋብሪካ ኤርሴንስ 10 ለተባለው መሣሪያው የሰጠው ወሰን 2,591 ሜትር፥ ለኤርሴንስ 11 ደግሞ 3,010 ሜትር ነው። አዲስ አበባ በሁለቱም ወሰን ውስጥ ናት፤ ደብረ ብርሃን ግን ከመጀመሪያው ወሰን በላይ፥ ከሁለተኛው በታች ትሆናለች።

ከውጭ አገር የተገለገሉበት መሣሪያ ለሚላክለት ሰው ደግሞ ሌላ ማስጠንቀቂያ አለን። በሰኔ 2021 ፊሊፕስ ሬስፒሮኒክስ በብዙ ሚሊዮን የሚቈጠሩ መሣሪያዎቹን እንዲመለሱ ጠርቷል። ምክንያቱ ድምፅን ለማፈን በውስጣቸው የተደረገው ስፖንጅ እየተፈረፈረ ወደ በሽተኛው ሳንባ ሊገባ ይችላል ተብሎ ስለ ተሰጋ ነው። ስለዚህ የመሣሪያው ተከታታይ ቍጥር መታየት አለበት። ጭምብሉ፥ ቱቦውና የአየር ማጣሪያው ግን ሳይጠየቅ በአዲስ ይለወጣሉ።

አየሩን ለሚያረጥበው ገንዳ የተጣራ ውሃ ይደረጋል። ከጋራዥ የሚገዛ የባትሪ ውሃ ግን አሲድ ሊኖርበት ስለሚችል በምንም ምክንያት አይገባም። ውሃው በየቀኑ ይደፋል፥ ገንዳውም ይታጠባል።

ማንም ሰው ለሐኪም ከመቅረቡ በፊት ራሱን የሚመዝንበት አንድ ቀላል መንገድ እዚህ ላይ እንጨምር። በ1991 በሜልበርን ከተማ መሪ ጆንስ የተባለ ሐኪም የኤፕወርዝ መለኪያ የተባለውን አወጣ። እያነበቡ፥ ከምሳ በኋላ ጸጥ ብለው ተቀምጠው፥ በመንገድ መጨናነቅ በቆመ መኪና ውስጥ ሆነው፥ በጠቅላላው በስምንት ሁኔታዎች ላይ ምን ያህል እንደሚያንቀላፉ ከ0 እስከ 3 ቍጥር ይሰጣሉ። ድምሩ እስከ 24 ይደርሳል፤ ከ10 ካለፈ የቀን እንቅልፉ ከልክ ያለፈ ነው ይባላል። አጎታችን መጀመሪያ 19 ነበሩ። ባለፈው ወር ስንጠይቃቸው 7 ሆኑ።

መሣሪያው አሁን የሚያድረው በመኪናው ጋቢና ውስጥ ነው። የሚሠራበት ኤሌክትሪክ 24 ቮልት፥ የመኪናውም ባትሪ 24 ቮልት ስለ ሆነ አጎታችን በሽቦ ሊያገናኙት ተነሥተው ነበር፤ ሞተሩ ሲሠራ ቮልቱ ከ24 በላይ ስለሚወጣ መሣሪያው እንዳይቃጠል በፋብሪካው መለወጫ በኩል እንዲሆን ለመናቸው። ሌሊት መንዳቱንም ሐኪሙ እስኪፈቅዱ ድረስ ትተዋል። ባለቤታቸው ግን አሁንም አንዳንድ ሌሊት ይነቃሉ፤ መሣሪያው ሲያድር ድምፅ ስለሌለው፥ ጸጥታውን ሲሰሙ ከልማድ የተነሣ መቍጠር ይጀምራሉ።